ራስ በራስ ለራሰ በራ፦ «ፒ አር ፒ» ምንድን ነው?

አዲስ አበባ፣ መሳለሚያ አካባቢ ለፀጉር የማይሸጥ መድኃኒት የለም። ከእህል በረንዳ ተነስቶ ወደ መርካቶ የሚዘልቅ ሰው የጉሎ ዘይቱን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ሬቱን፣ ቅቤውን፣ ከዱባይ የመጣውን ቅባት በአንድ ዙር ሸምቶ ይመለሳል። ሁሉም በየተራው «ለሚረግፍ ፀጉር ፍቱን» ተብሎለታል። አሁን በዚህ ዝርዝር ላይ የተጨመረው ግን ከሱቅ የሚገዛ ሳይሆን ከገዛ ክንድ የሚቀዳ ነው። ስሙ «ፒ አር ፒ» ይባላል። የአዲስ አበባ የግል የቆዳ ክሊኒኮች በማስታወቂያቸው ላይ ይጽፉታል፤ በስልክ የሚዞሩ ቪዲዮዎች ያሳዩታል። ከቪዲዮዎቹ አንዳንዶቹ ደግሞ ክሊኒክ ምን ያደርጋል ባይ ናቸው፦ ማሽኑን ግዛ፣ ደምህን ቅዳ፣ አሽከርክር፣ ራስህ ተወጋው።

ፒ አር ፒ የሦስት እንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ናቸው። ቃል በቃል ሲመለስ «በፕሌትሌት የበለጸገ ፕላዝማ» ይሆናል። ስህተት የለበትም፤ ግን መበልጸግ ለአገርና ለዩራኒየም እንጂ ለደም የሚስማማ ግስ አይመስለኝም። ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች በአማርኛ «አርጊ ሕዋሳት» የሚል ስም አላቸው፤ ደምን የሚያረጉ ለማለት ነው። ስለዚህ «አርጊ የበዛበት ፕላዝማ» ብለው የሚገባን ይመስለኛል። ፕላዝማ የሚለው ቃል አገሩን ስለለመደ አልነካውም፤ ሕዋሳቱ ሁሉ ሲወጡለት የሚቀረው ቢጫ የደም ፈሳሽ ነው፤ ከደማችን ወደ 55 በመቶ የሚሆነው እሱ ነው። ያለ ባለሙያ ራስ በራስ የሚደረገውን ደግሞ «የቤት ፒ አር ፒ» እያልን እንቀጥል።

አርጊ ሕዋሳት በጤነኛ ሰው ደም በአንዲት ማይክሮ ሊትር ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ይደርሳሉ። ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ጁሊዮ ቢዞዜሮ በ1882 እ.ኤ.አ. ለይቶ ከገለጻቸው ወዲህ ሥራቸው በደንብ ታውቋል፦ ቢላ ጣት ሲቆርጥ ተሯሩጠው ቀዳዳውን የሚደፍኑት እነሱ ናቸው። ወደ ፀጉር ጉዳይ ያመጣቸው ግን ሁለተኛው ሥራቸው ነው። ቁስሉ ላይ ሲደርሱ በውስጣቸው የያዟቸውን የእድገት ፕሮቲኖች ይለቃሉ፤ እነዚህም ሕዋሳት እንዲባዙና አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ያነሳሳሉ። በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሮበርት ማርክስና ባልደረቦቹ ይህንኑ ፈሳሽ ለመንጋጋ አጥንት ንቅለ ተከላ ተጠቅመው ውጤቱን አሳተሙ። ከዚያ ወደ ስፖርተኞች ጉልበትና ጅማት፣ ቀጥሎም ወደ ራስ ቆዳ ተሻገረ። ቁስል የሚያድን ነገር የደከመ የፀጉር ሥር ለምን አያነቃም ነው ነገሩ።

አንዳንዴ ያነቃል። በዘር በሚመጣው መመለጥ ላይ ከተደረጉት ጥናቶች ብዙዎቹ ትናንሽ ቢሆኑም የፀጉር ብዛት መጠነኛ ጭማሪ ያሳዩ አሉ፤ ልዩነት ያላገኙም አሉ። ምን ያህል ደም ይቀዳ፣ በምን ፍጥነት ይሽከርከር፣ ስንት ጊዜ ይወጋ በሚለው ላይ እስካሁን ሁሉም የተስማማበት ሥርዓት የለም። በተለምዶ በወር ልዩነት ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ከዚያም በየጥቂት ወሩ ይደገማል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለማዘጋጃ መሣሪያዎቹ ፈቃድ የሰጠው በዋናነት ለአጥንት ቀዶ ሕክምና ነው፤ ለፀጉር የሚውለው በሐኪሙ ውሳኔ ነው። ሥሩ ጨርሶ የሞተበት፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ራስ ላይ ደግሞ የሚነቃ ነገር ስለሌለ መርፌው ከንቱ ድካም ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ፤ የቤት ፒ አር ፒ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነውና። የተቀዳው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ያለበት ቱቦ ውስጥ ገብቶ ሴንትሪፊውጅ በሚባለው ማሽን ይሽከረከራል። ጠላ ሲሰክን አተላው ወደ ታች እንደሚወርድ ሁሉ ከባዶቹ ቀይ ሕዋሳት ይዘቅጣሉ፤ ፕላዝማው ከላይ ይቀራል። ሽክርክሪቱ ጠንከር ካለ አርጊዎቹ ከቀዩ ዝቃጭ በላይ ባለችው ስስ፣ ነጣ ያለች ድንበር ላይ ይከማቻሉ። ባለሙያው የሚያውቀው ብልሃት ይህችን ድንበር ሳይረብሹ መቅዳት ነው፤ አንዳንዶች ሁለት ጊዜ የሚያሽከረክሩትም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ዝግ ብሎ ቀዩን ለመለየት፣ ቀጥሎ በፍጥነት አርጊዎቹን ለማጠራቀም። ማሽኑን ያለ ልክ ያፈጠነ ሰው ከላይ የሚቀዳው ያማረ ቢጫ ፈሳሽ አርጊ የራቀው ተራ ፕላዝማ ነው። ላልሠለጠነ ዓይን ደግሞ ሁለቱም ቢጫ ናቸው።

ቪዲዮዎቹ «በደቂቃ 3000 ዙር» ይላሉ። ይህ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። ደሙ ላይ የሚያርፈው ኃይል የሚለካው በዙሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ቱቦው ከማሽኑ መሐል ባለው ርቀትም ነው። ርቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ማሽን 3000 ዙር ከመሬት ስበት ወደ 1000 እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ይፈጥራል፤ ርቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ያው 3000 ዙር 1500 እጥፍ ይሆናል። አንዱ ጋ የሠራው ቁጥር ሌላው ጋ አርጊውን ሁሉ ወደ ታች ያወርደዋል።

ሒሳቡም አይታረቅም። 10 ሚሊ ሊትር ደም እንቅዳ፤ በማይክሮ ሊትር 250 ሺህ አርጊ አለው እንበል። በጠቅላላው 2.5 ቢሊዮን ይሆናል። ሁሉም አንድ ሳይጠፋ ከላይ ባለው 5 ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ ቢቀር እንኳ መጠኑ 500 ሺህ ነው፤ ከደሙ እጥፍ ብቻ። ማርክስ ለሥራ ይበቃል ያሉት መጠን ግን በማይክሮ ሊትር ወደ 1 ሚሊዮን ነው። እዚያ ለመድረስ ያው 2.5 ቢሊዮን በ2.5 ሚሊ ሊትር ውስጥ መጠራቀም አለበት፤ ይህም ምንም ሳይባክን። በየደረጃው የሚባክን ስላለ ባለሙያዎች በርከት ያለ ደም ይቀዳሉ፤ እስከ 60 ሚሊ ሊትር የሚቀዳበትም አለ። ወጥ ቤት ውስጥ በሁለት ትናንሽ ቱቦ የሚሠራው ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ላይ የሚወጋው «አርጊ የበዛበት» የሚለው ስም የማይገባውን ፈሳሽ ነው። ማሽኑ እየዞረ መብራት ቢጠፋበት ደግሞ የት ጋ እንደደረሰ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው።

እስካሁን ያልኩት ስለማይሠራበት ምክንያት ነው። የሚጎዳበት ሌላ ነው።

ለደም ምርመራ የሚያገለግለው ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ በላቦራቶሪ ሕዋስ ለመቁጠር የተሠራ ነው። ውስጡ ያለው ኤዲቲኤ የሚባል ንጥረ ነገር ካልሲየምን አስሮ ደሙን ከመርጋት ይከለክላል፤ እዚያ የገባ ደም ወደ ሰው አካል ይመለሳል ተብሎ አልታሰበም። ለፒ አር ፒ የሚሆነው ቱቦ ለዚሁ ተብሎ የሚመረት ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወደዳል። ያገለገለ ሴንትሪፊውጅ በርካሽ ያገኘ ሰው ደግሞ ማሽኑ ዕድሜ ልኩን የሽንት ናሙና ሲያሽከረክር የኖረ ሊሆን እንደሚችል ይወቅ። የራስ ቆዳ የደም ሥር የበዛበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ ከጀርም ያልጸዳ መርፌ መግልና እብጠት ያስከትላል፤ ፀጉር ለማብቀል የተጀመረው ሥራ ጠባሳ ትቶ ያለውንም ፀጉር ሊያጠፋ ይችላል። ፊት ላይ፣ በተለይም በዓይን አካባቢና በግንባር ላይ ፒ አር ፒ የተወጉ ሰዎች የዓይን ብርሃናቸውን ያጡበት ሁኔታ በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል፤ ፈሳሹ በደም ሥር ገብቶ ወደ ዓይን የሚሄደውን መንገድ ስለዘጋው ነው። ከግንባሬ ጀምሬ ራሴን እወጋለሁ ለሚል ሰው ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

«የራሴ ደም ነው፣ ምን ያደርገኛል?» የሚለው ክርክር ብዙዎችን ያሳምናል። ደም ማውጣት ለእኛ አዲስ ባለመሆኑ ይመስለኛል፤ ዋገምት ያላወቀ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ዋገምት ግን ደሙን አውጥቶ ይደፋዋል፤ ፒ አር ፒ መልሶ ይወጋዋል። በመውጣቱና በመመለሱ መካከል ደሙ የነካው ሁሉ አብሮ ይገባል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ከተማ የነበረ አንድ ፈቃድ የሌለው የውበት ቤት ለዚህ መጥፎ ምስክር ሆኗል። ቤቱ የደንበኞችን ደም እየቀዳና እያሽከረከረ በጥቃቅን መርፌ ፊታቸው ላይ መልሶ ያስገባ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ሌላ ተጋላጭነት ያልነበራት አንዲት ደንበኛ ኤች አይ ቪ ተገኘባት። መርማሪዎች ሲገቡ ስም ያልተጻፈባቸው የደም ቱቦዎች ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ሌሎቹ ከምግብ ጋር ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጠው አገኙ። መሣሪያ በእንፋሎት የሚቀቀልበት ማሽን አልነበረም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ ሦስት ደንበኞች ቫይረሱ በዚያ ቤት እንደተላለፈባቸው ገለጸ። የውበት ቤቱ ባለቤት ያለ ፈቃድ ሕክምና መስጠቷን አምና በ2022 እ.ኤ.አ. ታሰረች። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ደም ነበር ሊመለስለት የታሰበው።

ቤት ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ሰው ይህ አይነካኝም ሊል ይችላል። ማሽን የገዛ ሰው ግን ብቻውን ብዙ አይቆይም። ወንድም ይመጣል፣ ጓደኛ ይመጣል፣ ወጪውን እንካፈል ይባላል። ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ የዋለ መርፌ ክትባት ያልወሰደን ሰው ቢወጋ ቫይረሱ የሚተላለፍበት ዕድል እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። የኤች አይ ቪ ወደ 0.3 በመቶ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፤ ጠረጴዛውን ትናንት ጠርገነዋል ማለት ምንም ማለት አይደለም። አገራችን ይህ ቫይረስ ከተስፋፋባቸው አገሮች አንዷ ናት። የደም ባንክ የለገስነውን ደም ለሌላ ሰው ከመስጠቱ በፊት ለኤች አይ ቪ፣ ለሁለት የሄፓታይተስ ዓይነቶችና ለቂጥኝ የሚመረምረው በዋዛ አይደለም።

በመሳለሚያ ፀጉር ቤቶች የሚገርመኝ ነገር አለ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁበት ከ1986 እ.ኤ.አ. በኋላ በመጡት ዓመታት ደንበኛው ሁሉ ተምሮ ነበር፦ ምላጩ ይቀየር፣ ማሽኑ በአልኮል ይቃጠል ሳይል ወንበር ላይ አይቀመጥም። ዛሬም ቢሆን ማሽኑ ሳይቃጠል ራሱን የማያስነካ ጎልማሳ በስልኩ ላይ ግን መርፌ ያለ ጓንት ሲሻጥ እያየ ይጓጓል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣ ጥያቄ ግን አለ፤ ፀጉሩን ያረገፈው ምንድን ነው? በየቀኑ ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ ጤና ነው። ከወሊድ፣ ከከባድ ትኩሳት ወይም ከጽኑ ሕመም ሁለት ሦስት ወር በኋላ በእፍኝ የሚረግፈው ፀጉር በአብዛኛው በራሱ ጊዜ ይመለሳል፤ ሰው በዚያው ሰሞን የሞከረው ሁሉ፣ ቅቤም ይሁን ፒ አር ፒ፣ ምስጋናውን ይወስዳል። «እኔን አድኖኛል» የሚለው ምስክርነት ብዙው ከዚህ የሚወለድ ነው። ላሽ በድንገት ክብ ክብ አድርጎ የሚያራግፍ፣ የሰውነት መከላከያ በፀጉር ሥር ላይ ሲነሳ የሚመጣ ነው። ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል፤ በላዩ ላይ መርፌ መውጋት ኢንፌክሽኑን ማስፋት ነው። ጥብቅ ሹሩባና ዊግ ስበው ያሸሹት የግንባር ፀጉር ደግሞ መጀመሪያ የሚፈልገው መላላት ነው፤ ዓመታት ከቆየ ሥሩ ጠባሳ ይሆናል። በዘር የሚመጣው መመለጥ ዲኤችቲ የሚባለው ሆርሞን የፀጉሩን ሥር እያቀጨጨ የሚያመጣው ነው። ፒ አር ፒ ሆርሞኑን አይነካውም፤ ለዚህም ነው የሚደጋገመው። ለዚህኛው ማስረጃቸው የጠነከረ መድኃኒቶች አሉ፦ የደም ግፊት መድኃኒት ሆኖ ጀምሮ ከ1988 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለራስ ቆዳ የሚቀባው ሚኖክሲዲል፣ ለወንዶች ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው ፊናስቴራይድ። ሁለቱም በሐኪም ምክር ቢወሰዱ ይሻላል፤ ሁለቱም ሲቆሙ የበቀለው ይረግፋል። ለማሽን የሚወጣው ገንዘብ መጀመሪያ እዚህ ቢውል ይመረጣል።

ፒ አር ፒውን ግድ ካላችሁ ፈቃድ ያለው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ቱቦው ዓይናችሁ እያየ ከእሽጉ መውጣቱን፣ ስማችሁ የተጻፈበት መሆኑን፣ መርፌው አዲስ መሆኑን ተመልከቱ። አርጊ ሕዋሳቱ ስንት እጥፍ እንደሚደርሱ ጠይቁ፤ የማይመልስ ክሊኒክ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላ እለፉ። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ የአርጊ ማነስ ያለባችሁ፣ የደም ካንሰር ያለባችሁ፣ ራሳችሁ ላይ ቁስል ያለባችሁ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተብሎ ተመሥርቶ ዛሬ ለቆዳ በሽታ ሁሉ ከአገሪቱ ትላልቅ የሕክምና ማዕከላት አንዱ ነው፤ ከመሳለሚያ ሩቅ አይደለም።

የመሳለሚያ ፀጉር አስተካካዮች ሆይ፣ የሰውን ራስ ከሐኪም በፊት የምታዩት እናንተ ናችሁ። ክብ ላሽ፣ ቅርፊት ያለው ቆረቆር ወይም የሚያብለጨልጭ ጠባሳ ስታዩ ደንበኛችሁን ወደ ቆዳ ሐኪም ላኩት። ማሽንና መርፌ ይዞ «የጓሮውን ክፍል አከራየኝ» የሚል ሲመጣ ግን በሩን አሳዩት።