የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች በትምህርት ዕቅዳቸው ላይ እንዴት ይሳተፉ?

የትምህርት ዘመን ሲጀመር ወላጆች ልጆቻቸውን ያስመዘግባሉ፤ ደብተርና እስክርቢቶም ይገዛሉ። ማየት፣ መስማት፣ መንቀሳቀስ ወይም ትምህርት መቀበል የሚያስቸግራቸው ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ግን ተጨማሪ ኀላፊነት አለባቸው። ይኸውም ከመምህራን ጋር ተቀምጦ የልጁን የትምህርት ዕቅድ ማውጣት ነው። በዚህ ውይይት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ዋናው ባለጉዳይ፣ ተማሪው ራሱ ነው።

ዕቅዱ ምንድን ነው?

የተናጠል የትምህርት ዕቅድ ለአንድ ተማሪ ብቻ የሚዘጋጅ ሰነድ ነው። ተማሪው ያለበትን ደረጃ፣ በዓመቱ ሊደርስበት የታሰበውን ግብ፣ የሚያስፈልገውን ድጋፍ፣ ድጋፉን የሚሰጠውን ሰው እና ዕቅዱ የሚገመገምበትን ጊዜ ይይዛል። መምህራን፣ ወላጆች እና በትምህርት ቤቱ ካለ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ በጋራ ያዘጋጁታል።

ተማሪው ለምን ይጠየቃል?

የግብርና ባለሙያ መሬቱን ሳያይ የማዳበሪያ መጠን አይመክርም። የልጅ ዕቅድም እንደዚሁ ነው። ለምሳሌ የማየት ችግር ያለባት ተማሪ "ከፊት ትቀመጥ" ተብሎ ሊወሰን ይችላል። ነገር ግን በበሩ የሚገባው ብርሃን ሰሌዳውን የሚያንጸባርቅባት ከዚያው ከፊት ወንበር ላይ ሊኾን ይችላል። ይህን የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት። ሳትጠየቅ ከቀረች ትምህርቱ ያመልጣታል፤ ጥፋቱ ግን "አትችልም" ተብሎ በእርሷ ይሳበባል። ከትምህርት ገበታ የመራቅ መንገድ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

መጠየቁ ውለታ ሳይኾን መብት ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 7፣ አካል ጉዳተኛ ሕጻናት በሚመለከቷቸው ጉዳዮች ሁሉ ሐሳባቸውን በነጻነት የመግለጽ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሐሳባቸው እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ብስለታቸው ክብደት እንዲሰጠው፣ ለዚህም የሚያስፈልጋቸውን እገዛ እንዲያገኙ ያዝዛል።

ምን ይደረግ?

ከውይይቱ በፊት፦ ልጁን በቤት ውስጥ፣ ሥራ በረድ ባለበት ሰዓት፣ ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቁት። ጎበዝ የኾንከው በምንድን ነው? በክፍል ውስጥ የሚያስቸግርህ ምንድን ነው? ዘንድሮ ምን መቻል ትፈልጋለህ? መልሱን በወረቀት ያስፍሩ።

በውይይቱ ላይ፦ ልጅ በታላላቆች ፊት ዝም እንዲል ማሳደግ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ስለዚህ መምህሩ ቀድመው ለልጁ ዕድል ይስጡት፤ "ምን ይፈልጋል?" ብለው ወላጁን ከመጠየቅ ይልቅ ልጁን ራሱን ያናግሩት። መስማት ለተሳነው ተማሪ የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ወንድም ወይም እህት የሚያስተረጉሙ ከኾነ በእርሱ ፈንታ እንዳይመልሱ ይነገራቸው። መናገር የሚከብደው ልጅ ደግሞ በሥዕል ወይም በዕቃ እያመለከተ መምረጥ ይችላል።

ከውይይቱ በኋላ፦ ከግቦቹ አንዱን ተማሪው ራሱ ይከታተለው። ዐይነ ሥውር ተማሪ በሳምንቱ በብሬል ያነበባቸውን ገጾች ሊቆጥር ይችላል። በየመንፈቀ ዓመቱም "የረዳህ የቱ ነው? ያልረዳህስ?" ተብሎ ይጠየቅ።

ማሳተፍ ማለት ውሳኔውን ኹሉ ለልጁ መተው አይደለም። "ሒሳብ አልማርም" ቢል ትምህርቱ አይቋረጥም፤ ምክንያቱ ግን ይጠየቃል። ምናልባት የጠላው ሒሳቡን ሳይኾን ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ማየት አለመቻሉን ሊኾን ይችላል።

በትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለ ዕቅድ ከሌለ ወላጆች ርእሰ መምህሩን፣ ቀጥሎም የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ። እስከዚያው በአንድ የደብተር ገጽ ላይ ከክፍል ኀላፊው መምህር ጋር መጀመር ይቻላል።

"ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም" ይባላል። ልጁ ድምፁን እንዲያሰማ ግን አስቀድሞ የሚያዳምጠው ሊኖር ይገባል።