ሁለት ሰው፣ ብዙ ድምፅ

«ሀው ሃይ ዘ ሙን» የተባለውን ዘፈን በሌስ ፖልና በሜሪ ፎርድ ሸክላ የሰማ ሰው፣ ሦስት አራት እኅትማማቾች ጎን ለጎን ቆመው የሚያዜሙ ይመስለዋል። ጊታሩም የአንድ ሰው አይመስልም። ዘፋኟ ግን አንዲት ሴት ናት፤ ጊታሩንም የሚጫወተው አንድ ሰው፣ ባሏ ነው። የተቀረጸውም በ1951 መባቻ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ጃክሰን ሃይትስ በተባለ ሰፈር፣ በመኖሪያ ቤታቸው ነው። (እዚህ የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ድምፅን በድምፅ ላይ መደረብን የጀመረው ሌስ ፖል ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አይደለም። ሲድኒ ቤሼ በ1941 ክላርኔቱን፣ ሳክስፎኑን፣ ፒያኖውን፣ ከበሮውን ሁሉ ብቻውን ተጫውቶ አስቀርጿል። ፓቲ ፔጅም በ1947 ለራሷ ተቀባይ ሆና ዘፍናለች፤ ለተቀባዮች የሚከፈል ገንዘብ አልነበረምና። ሌስ ፖል ያደረገው ይህን ሥራ ወደ ቤት ማስገባት ነው።

የጀመረው በሆሊውድ፣ በቤቱ ጋራዥ ነበር። የሸክላ መቅረጫውን የሠራው ራሱ ሲሆን፣ ለማዞሪያው የካዲላክ መኪና ፍላይዊል ተጠቅሟል። አንዱን ሸክላ እያሰማ፣ በላዩ ጊታር እየጨመረ፣ ሁለቱን በሌላ ሸክላ ይቀርጻል፤ ያንን እያሰማ ደግሞ በሦስተኛው። በ1948 የወጣው «ላቨር» የተሠራው በዚህ ዓይነት ነው።

በ1949 ቢንግ ክሮስቢ የአምፔክስ ቴፕ መቅረጫ ሰጠው። ሌስ ፖልም አንድ ተጨማሪ ሄድ አስገባበት። ቴፑ ወደ ማጥፊያው ከመድረሱ በፊት አዲሱ ሄድ የቀድሞውን ድምፅ ያነባል፤ ማጥፊያው ያጠፋዋል፤ መቅረጫው ደግሞ የቀድሞውንና አዲሱን ቀላቅሎ እንደገና ያሰፍረዋል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የቀድሞው ጠፍቷልና መመለሻ የለም። ዘጠኝ ጊዜ ተደርቦ በአሥረኛው ሜሪ ብታስል ዘጠኙም ገደል ገባ ማለት ነው፤ እንደገና ከ ሀ።

በዚያ ላይ ቴፑ በተደረበ ቁጥር የቀደመው ድምፅ እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ አድማጭ እምብዛም ልብ የማይለው ድምፅ በቅድሚያ ይቀረጻል፤ ዋናው ዜማ ጥርት ብሎ እንዲሰማ በመጨረሻ ይገባል። ሜሪ እንግዲህ ገና ላልተዘፈነ ዘፈን ነበር ተቀባይ የምትሆነው። የት ላይ ትንፋሽ እንደምትወስድ፣ የትኛውን ቃል እንደምታስረዝም አስቀድማ በልቧ መያዝ ነበረባት። ስለ ባሏ ማሽኖች ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ ችሎታዋ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። እኔን ይህ ያበሳጨኛል። ማሽን አንድን ቅጂ አሥር ጊዜ ቢደራርበው ድምፁ ይጮሃል እንጂ ሰው አይበዛም። ጆሮ ብዙ ሰው ሰማሁ የሚለው በእያንዳንዱ አዘፋፈን መካከል የፀጉር ያህል ልዩነት ሲኖር ነው። ልዩነቱ ከሰፋ ደግሞ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ያን ልክ የጠበቀችው እሷ ናት።

ማይክራፎኑንም በዘመኑ እንደተለመደው ከሩቅ ሳይሆን ከአፏ ጥቂት ኢንች ያህል አቅርባ፣ ለስለስ አድርጋ ነበር የምትዘፍነው። ለመኖሪያ ቤት ይህ ጥሩ መላ ነው፤ የክፍሉ ማስተጋባትም የውጭው ጫጫታም እምብዛም አይገባም። ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ያሉ የሚያስመስለውን ገደል ማሚቶ ሌስ ፖል በኋላ በመሣሪያ ይጨምረዋል።

ዘፈኑ በቢልቦርድ ሠንጠረዥ ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በ1953 «ቫያ ኮን ዲዮስ» ተከተለው። በ1957 አምፔክስ ሌስ ፖል ያሰበውን ባለ ስምንት ትራክ ማሽን ሠርቶ፣ ኒው ጀርሲ በሚገኘው ቤቱ አስረከበው፤ ዋጋው 10,000 ዶላር። እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ መስመር ስላለው፣ ሜሪ ብትሳሳት ያንኑ ብቻ መድገም ይበቃት ነበር። ማሽኑ በደረሰ ጊዜ ግን አድማጩ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል ዞሯል። ባልና ሚስቱ በ1964 ተፋቱ።