የግሸኗ እማሆይ ፒያኖና የአድማጮች ሙግት

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በዙሪያው ላላችሁ ሁሉ የዕለቱ የታሪክ ማስታወሻ እነሆ።

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ የሙዚቃ ወዳጆችን ሲያሟግት የኖረ ነው። ታላቅ የተባለ የሙዚቃ ደራሲ ሁሉ በእርግጥ ታላቅ ነው? ስሙ ከሥራው በላይ የገነነስ የለም? ሙግቱን የምንከታተለው በአንዲት ኢትዮጵያዊት የፒያኖ ደራሲ በኩል ነው። እሳቸውም እዚሁ ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ በግሸን ማርያም 10 ዓመት ያህል በምንኩስና የኖሩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።

[ሙዚቃ፦ የእማሆይ ፒያኖ፤ ትንሽ ከተሰማ በኋላ ዝቅ ይላል]

ሙግቱ በእኛ አልተጀመረም። ዛሬ ዓለም የሙዚቃ አባት አድርጎ የሚያየው ባኽ፣ በሕይወት ሳለ በ1737 ሻይበ የተባለ ሃያሲ ሥራው የተወሳሰበና የተጋነነ ነው ብሎ በጽሑፍ ነቅፎታል። ባኽ ከሞተ በኋላም ትልልቅ ሥራዎቹ ለአደባባይ ሳይበቁ ብዙ ጊዜ ቆዩ። በ1829 ወጣቱ የሙዚቃ ደራሲ ሜንደልሶን «የማቴዎስ ሕማማት» የተባለውን የባኽን ሥራ በርሊን ላይ ሲያቀርብ ነው ሕዝብ እንደገና ጆሮውን የሰጠው። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ቻይኮቭስኪ በበኩሉ ሌላውን ደራሲ ብራምስን አይወድም ነበር፤ ችሎታ የሌለው ሰው እንዲህ መወደሱ እንደሚያናድደው በ1886 በዕለት ማስታወሻው ጽፏል። ራሱ ቻይኮቭስኪም አልቀረለትም፤ የቫዮሊን ኮንቼርቶው በ1881 ቪየና ላይ ሲቀርብ ሃንስሊክ የተባለው ስመ ጥር ሃያሲ ክፉኛ አብጠልጥሎታል። የሁለቱም ሥራዎች፣ የብራምስም የቻይኮቭስኪም፣ ዛሬ ድረስ ይደመጣሉ።

ወደ እማሆይ እንመለስ። የተወለዱት በ1923 አዲስ አበባ ነው፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። ስንዱ ገብሩ ኋላ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ለመሆን የበቁት ናቸው። የውብዳር እዚያ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ወደ አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ፣ ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ወደ ጣሊያኗ አሲናራ ደሴት ተወሰዱ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ለንደን ሄደው ሙዚቃ እንዲማሩ ዕድል መጣላቸው። የመሄጃው ፈቃድ ግን ተከለከለ። ሐዘኑ ጠናባቸው፤ እህል እስከ መተው ደረሱ። ፊታቸውን ወደ እግዚአብሔር መልሰው ወደ ግሸን የወጡት ከዚህ በኋላ ነው። በዚያ የመስቀል ቅርጽ ባለው አምባ ላይ ያለ ጫማ፣ ያለ ፒያኖ ኖሩ። በየዓመቱ መስከረም 21 ወደ ግሸን የምትወጡ አድማጮቻችን የአምባውን ብርድና የድንጋዩን መንገድ ታውቁታላችሁ።

ከግሸን ከወረዱ በኋላ እንደገና ፒያኖ ነኩ። ጎንደር ሳሉ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመማር የመጡ የቆሎ ተማሪዎች ደጅ ሲያድሩ አይተው ልባቸው ተነካ፤ በሙዚቃቸው ገንዘብ አግኝተው ችግረኞችን ለመርዳት ቆረጡ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ታተመ። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያውያን ገዳም ኖሩ። ፈረንሳይ የታተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም በ2006 ሃያ አንደኛውን ቅጽ ለእሳቸው ብቻ ሲሰጥ ስማቸው ዓለምን አዳረሰ። በመጋቢት 2023፣ በ99 ዓመታቸው፣ እዚያው ኢየሩሳሌም አረፉ።

[ሙዚቃ፦ «የእናት ፍቅር» ከሚለው ሥራቸው ጥቂት]

እንግዲህ ሙግቱ እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን፣ ውዳሴው ከሥራው በልጧል ይላል። ሥራዎቻቸው እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ምቱ አይጨበጥም፤ ፈረንጅ የወደደው ዜማውን ሳይሆን የመነኩሲቷን ታሪክ ነው ባይ ነው። ጠንከር ያለ የሙያ ነቀፌታም አለ። የፒያኖ ድምፅ በቁልፎቹ የተወሰነ ነው፤ ማሲንቆ ግን በሁለት ቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅ ሳይቀር ያወጣል። ስለዚህ ቅኝታችን ፒያኖ ላይ ሲወጣ ከወዙ የሚቀንስ ነገር አለ የሚሉ ባለሙያዎች አሉ።

ሌላው ወገን ይህን ይሞግታል። ምቱ የማይጨበጠው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚዜመው ዜማም በእኩል ምት ስለማይቆጠር ነው፤ እስትንፋስን ተከትሎ ይረዝማል፣ ያጥራል ይላል። እማሆይ ድምፁን በጣታቸው ሲያርገበግቡት ደግሞ የዜመኛን ጉሮሮ ተከትለው ነው። ግራ እጃቸው የአውሮፓን የቫልስ ጭፈራ ምት ሲይዝ ቀኝ እጃቸው በእኛ ቅኝት ይሄዳል፤ ይህን አጣምሮ ማስኬድ ደግሞ ቀላል አይደለም።

ሙላቱ አስታጥቄም ከዚህ ዓይነቱ ሙግት አላመለጡም። የኢትዮ ጃዝ አባት ተብለው በዓለም መድረክ ይከበራሉ፤ በ2005 የወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ዜማቸውን ለብዙ አዲስ አድማጭ አሰምቷል። እሳቸው አምስቱን የቅኝት ድምፆች ከምዕራቡ ሙዚቃ አሥራ ሁለት ድምፆች ጋር ሲያጋቡ የቅኝቱ ቀለም እንዳይጠፋ እንደሚጠነቀቁ ያስረዳሉ። ሆኖም ጃዙ በዝቶ ቅኝቱ ተዋጠ የሚል አድማጭ አልጠፋም።

ይህ ሙግት ከማንም በላይ እኛን ይመለከታል። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው የአካባቢያችን ስም ነው፤ ትዝታና አንቺ ሆዬም ቢሆኑ ከወሎ ስም ጋር አብረው ይነሳሉ። አምባሰልን ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ የሚመጣው የግማሽ ድምፅ እርምጃ ብቻ ነው፤ አንጀት የሚበላበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ዘፋኟን ማሪቱ ለገሠን ያፈራው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን እነዚህን ቅኝቶች በአገር መድረክ አስከብሯል። ማሪቱ አምባሰልን ስታዜም ያደመጠ የደሴ ሰው፣ አምባሰል የቱ ጋ እንደሰመረና የቱ ጋ እንደሳተ ለማወቅ የውጭ ሃያሲ ምስክርነት አይሻም።

የዚህ ዝግጅት አቋም ይህ ነው። እማሆይን ማድነቅ ግዴታ አይደለም፤ አለመውደድም ነውር የለበትም። ሥራዎቻቸው ይመሳሰላሉ የሚለው አስተያየት እውነትነት አለው ብለን እናምናለን። የሚያሳዝነን፣ የሚያወድሷቸውም የሚነቅፏቸውም አብዛኞቹ ሩቅ አገር ሆነው፣ 10 ዓመት ያህል የኖሩበት ወሎ ግን በቅጡ ሳይሰማቸው መቅረቱ ነው። ውጭ ተከበሩ ብሎ ማክበርም፣ ፈረንጅ ነው ያገነናቸው ብሎ መተውም ያው የሰው ፍርድ መዋስ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። በዚህ ሳምንት ቤት ውስጥ ወይም ቡና ላይ ስትሰበሰቡ ሦስት ሥራዎችን አከታትላችሁ ክፈቱ፤ ከማሪቱ አንድ አምባሰል፣ ከእማሆይ «ጎልጎታ»ን፣ ከሙላቱ «የከርሞ ሰው»ን። የማን እንደሆኑ አስቀድማችሁ አትናገሩ። አዛውንቱም ወጣቱም፣ ማሲንቆ የሚመታ ካለ እሱም የተሰማውን ይናገር፤ የወደደ ለምን እንደወደደ፣ ያልወደደም የቱ ጋ እንዳልጣመው ያስረዳ። የሙዚቃ መምህራንም ይህን በክፍላችሁ ብትሞክሩት ተማሪዎቻችሁ ቅኝትን ለይቶ መስማት ይለማመዱበታል። የቅኝቶቹ ባለቤቶች እናንተ ናችሁና ፍርዱም የእናንተ ነው።



[ሙዚቃ፦ አምባሰል በማሲንቆ፤ እስከ መዝጊያው]