የኩላሊት ጠጠርና አመጋገብ

አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር የሚሠራው ካልሲየም በሽንት ውስጥ ኦክሳሌት ከተሰኘው ንጥረ ነገር ጋር ሲዋሃድ ነው። በዚህም ምክንያት ሕሙማን ወተትና የወተት ተዋጽኦ እንዲቀንሱ ለረጅም ዓመታት ሲመከሩ ቆይተዋል።

ይሁንና በጣሊያን ፓርማ ከተማ ተካሂዶ በ2002 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት ምክሩ ስሕተት እንደነበር አመልክቷል። ጠጠር የሚመላለስባቸውና በሽንታቸው ብዙ ካልሲየም የሚወጣ 120 ወንዶች እኩል ለሁለት ተከፍለው ለአምስት ዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ካልሲየም ከቀነሱት መካከል 23ቱ ጠጠሩ ሲያገረሽባቸው፣ ካልሲየም በተለመደው መጠን እየተመገቡ ጨውና ሥጋ ከቀነሱት ያገረሸባቸው 12 ብቻ ናቸው።

ከምግብ የሚገኝ ካልሲየም ኦክሳሌትን አንጀት ውስጥ ይዞ ከሰገራ ጋር እንዲወገድ ያደርገዋል፤ ካልሲየሙ ሲጎድል ግን ኦክሳሌቱ ወደ ደም ገብቶ በሽንት ይወጣል። ጨው በበኩሉ በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም ይጨምራል። በመሆኑም ኦክሳሌት የበዛበትን ቆስጣ ከአይብ ጋር መመገብ፣ ለጣዕም ተብሎ የተለመደ ቢሆንም፣ ለኩላሊትም የሚበጅ ነው። በእንክብል መልክ የሚወሰድ ካልሲየም ግን የሐኪም ምክር ይሻል።

ከሁሉም የሚቀድመው ፈሳሽ ነው። ጠጠር ያጋጠመው ሰው በቀን 2 ሊትር ተኩል ያህል ሽንት እንዲሸና የሚያስችለው መጠን መጠጣት ይኖርበታል፤ በቆላማ አካባቢ ለሚሠራ ደግሞ በላብ የሚወጣው ተጨማሪ ውኃ ይጠይቃል።