ከብረቱ በፊት የነበረው እንጨት፦ የአሸዋ ቀረጻ ታሪክ ከፓተርኑ አንጻር



የብረት ኢንዱስትሪ ታሪክ ሲጻፍ ጎልቶ የሚታየው ምድጃው ነው። ዛሬ የማነሣው ግን ከምድጃው ርቆ የሚሠራውን አናጺና እጁ ያበጀውን የእንጨት አምሳያ፣ በሙያው ስም ፓተርን የምንለውን ነው። ሐሳቤ አጭር ነው፦ ፓተርን የዕቃው ቅጂ አይደለም፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ የሚሆነው አስቀድሞ የተሰላበት ዕውቀት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1707 እንግሊዛዊው አብርሃም ዳርቢ ሆደ ሰፊ የብረት ድስቶችን ያለ ጭቃ፣ በአሸዋ ብቻ ለመቅረጽ የፈጠራ መብት አገኘ። ሆደ ሰፊ ድስት በአሸዋ ውስጥ ቢቀበር አሸዋውን ሳያፈርስ አይወጣም። ፓተርኑና የአሸዋው ሳጥን በክፍል በክፍል ሲሠሩ ግን ክፍሎቹ ተራ በተራ ይነሣሉ፤ ባዶ የሚቀረውን ሆድ ደግሞ ኮር የሚባለው የአሸዋ እምብርት ይይዘዋል። ዳርቢን ታሪክ ይበልጥ የሚያስታውሰው በ1709 በኮልብሩክዴል በኮክ ብረት በማቅለጡ ነው። ይሁንና የኮክ ብረት በመዶሻ ለሚሠሩ አንጥረኞች እምብዛም አይመችም ነበር፤ ገበያ ያገኘው ስስ ድስት ሆኖ ነው። ስለዚህ ምድጃው ያለ ፓተርኑ ለብቻው አይተረክም።

የፓተርን ዓይነት የሚመረጠው በዕቃው ቅርጽና ብዛት ነው። ቀላል ቅርጽ ላለው ጥቂት ዕቃ አንድ ወጥ ፓተርን ይበቃል። ውስብስብ ለሆነው የተከፈለ ወይም ተነቃይ ክፍል ያለው ያስፈልጋል። ለብዙ ምርት ግማሾቹ በአንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ግራና ቀኝ ይጣበቃሉ። ለትልቅ ክብ ዕቃ ደግሞ በምሰሶ ዙሪያ እየዞረ አሸዋውን የሚፍቅ ሳንቃ ብቻ ይበቃል።

ከዓይነቱ ይልቅ የማይታየው የልክ ማስተካከያ ነው። ግራጫ የቀረጻ ብረት ሲቀዘቅዝ 1 በመቶ ያህል ይኮማተራል፤ አልሙኒየም 1.3፣ ስቲል ደግሞ 2 በመቶ ገደማ። ስለዚህ የፓተርን አናጺ የሚለካው ሆን ተብሎ በረዘመ ማስመሪያ ነው። ቀጥ ያሉ ጎኖች ከአሸዋው በቀላሉ እንዲወጡ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ያህል ያዘነብላሉ። በማሽን የሚላጨው ገጽ ጥቂት ሚሊሜትር ይጨመርለታል። ፓተርኑ ሲወጣ ስለሚነቀነቅ ጉድጓዱ ይሰፋል፤ ለዚህም መጠኑ በጥቂቱ ይቀነሳል።

ስሌቱ በትልቅ ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ በሰቨርን ወንዝ ላይ በ1779 የቆመው የብረት ድልድይ ያሳያል። የዳርቢ የልጅ ልጅ፣ ሦስተኛው አብርሃም ዳርቢ፣ 1,700 ያህል ቁራጮችን በአናጺ መጋጠሚያ አያይዞ አቆመው። 20 ሜትር ርዝመት ባለው የቅስት አካል ላይ 1 በመቶ ማለት 20 ሳንቲሜትር ነው። ተመራማሪዎች ቁራጮቹን ሲለኩም አንድ ዓይነት የሚመስሉት በመጠን እንደሚለያዩና አብዛኞቹ ለየቦታቸው ተለክተው እንደተቀረጹ ተረዱ። የአናጺው ውሳኔ ከብረቱ ላይ ሊነበብ ችሏል።

ይህ ታሪክ ለእኛም ይመለከታል። በአገራችን ወርክሾፖች የተሰበረ የማሽን ክፍልን ራሱን እንደ ፓተርን መጠቀም ደጋግሜ ያየሁት ልማድ ነው። 100 ሚሊሜትር የነበረው 99 ገደማ ሆኖ ይወጣል፤ ያ ሲሰበርና በተራው ሲቀበር ወደ 98 ይወርዳል። ሠራተኛው እጁ የሠለጠነ ነው፤ ያልደረሰው ከዋናው ዕቃ በስተጀርባ የነበረው ስሌት ነው። ቴክኖሎጂን ዕቃውን ብቻ በማየት ለመውሰድ ስንሞክር የሚጎድለን ይኸው ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምጠይቀው፣ የአንድ ፋብሪካ ታሪክ ስታጠኑ ከማሽኖቹ ጋር የፓተርን ክፍሉን እንድትመዘግቡ ነው። አሮጌ ፓተርን ማገዶ ከመሆኑ በፊት ለኩት፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ገልብጡ፤ የሠራውንም ሰው በሕይወት ካለ አነጋግሩት።