ሪቱሽ

የእህቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞዴል ሆና ፎቶ ልትነሳ ሦስት ቀን ሲቀራት ቦርሳዋ ውስጥ ፊት የሚያቀላ ክሬም አየሁ። «አጎቴ፣ ካሜራ ጠይም አይወድም ብለውኛል» አለችኝ።

ይቺ ወሬ እኮ የዛሬ አይደለችም! ድሮ ፎቶ ቤት ስንሄድ፣ የቤቱን ከረባት ተውሰን ሥዕል የተቀባ ሸራ ፊት ትንፋሻችንን ውጠን እንቆማለን። ከዚያ ባለሙያው ኔጋቲቩን በሹል እርሳስ ይነካካዋል፤ ሪቱሽ ነው የሚባለው። እርሳሱ ያረፈበት ቦታ ብርሃን ስለሚከለክል ወረቀቱ ላይ ነጥቶ ይወጣል። የብጉር ማጥፊያው ቀስ በቀስ ፊት ማቅሊያም ሆነ። ጠይሟ እናቴ በሠርጓ ፎቶ ከሚዜዎቿ ሁሉ ቀይ ናት።

ለልጅቷ የአዲስ አበባዋን ሊያ ከበደን አነሳሁላት። እ.ኤ.አ. በ2002 የፈረንሳዩ ቮግ አንድ ሙሉ እትም ለእሷ ሰጠ፤ በ2003 ደግሞ ኤስቴ ላውደር የማስታወቂያ ፊቱ አደረጋት፤ በኩባንያው ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር። (መጽሔት ነውና ሪቱሽ አልነካትም ብዬ አልምልም።)

የክሬሙን ጀርባ አብረን አነበብን፦ ክሎቤታሶል። ቆዳ የሚያሳሳ ስቴሮይድ ነው። ሳትከራከር ሰጠችኝ። ቅዳሜ ፊቷን ታጥባ፣ ቅባት ሳትነካ ትሄዳለች። ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ግን ገና አላየነውም።