ፊያት፤ የአንድ ፋብሪካ ስምና የቆቦ ጎዳና

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ወልድያን አልፎ፣ የአላውሃን ድልድይ ተሻግሮ፣ ጎብዬንና ሮቢትን ከኋላው ትቶ ወደ ቆቦ ሲቃረብ አገሩ በድንገት ይሰፋለታል። በስተ ግራው የላስታ ተራሮች እንደ ግንብ ቆመዋል፤ በስተ ቀኙ ዞብል ይታያል፤ በመካከሉም ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት የራያ ሜዳ እስከ ዋጃና እስከ አላማጣ ድረስ ተዘርግቷል። አዲስ አበባን ከደሴና ከመቀሌ ጋር የሚያገናኘው አውራ ጎዳና የሚያልፈው በዚህ ሜዳ መካከል ነው። ዘጠና ዓመት በሚጠጋ ዘመን ውስጥ ብዙ ዓይነት መኪና ተመላልሶበታል። ይሁን እንጂ የዚህን ጎዳና ታሪክ የሚያነሣ ሰው የአንድ ፋብሪካ ስም ሳይጠራ ሊያልፍ አይችልም። ይኸውም የኢጣልያው ፊያት ነው።

«ይህ ፋብሪካ መልካም ስም አለው» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ስሙን የሚያወጣለት ግን ማን ነው? የሠራው ነውን? የገዛው ነውን? ወይስ መኪናው በደጁ ሲያልፍ ቆሞ የሚመለከተው ገበሬ? ይህን ጥያቄ በልባችን ይዘን ታሪኩን ከመጀመሪያው እንመልከት።

ፊያት የተቋቋመው በ1891 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1899፣ በሰሜን ኢጣልያ በቱሪን ከተማ ነው። ስሙም «የቱሪን የኢጣልያ አውቶሞቢል ፋብሪካ» ከሚሉት የኢጣልያንኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተገኘ ነው። ከመሥራቾቹ መካከል ጥቂት ቆይቶ የፋብሪካው ዋና መሪ ለመሆን የበቃው ቀድሞ የፈረሰኛ ጦር መኮንን የነበረው ጆቫኒ አኜሊ ነበር። ፋብሪካው በመጀመሪያ የሠራት ትንሽ መኪና ወደ ኋላ የምትሄድበት ማርሽ አልነበራትም፤ ወደ ፊት ብቻ ነበር የምትሄደው። ከዚያ በኋላ ግን የፋብሪካው ዕድገት እጅግ ፈጣን ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦር ሠራዊቱ የጭነት መኪና፣ የአውሮፕላን ሞተርና መትረየስ እያቀረበ ሀብቱን አበዛ፤ የሠራተኞቹም ቁጥር ከ4,000 ገደማ ተነሥቶ እስከ 40,000 ደረሰ። በ1915 ዓ.ም. የተመረቀው የሊንጎቶ ፋብሪካ ባለ አምስት ፎቅ ነበር፤ ጥሬ ዕቃው ከታች ይገባና መኪናው ከፎቅ ወደ ፎቅ እየተገጣጠመ ይወጣል፤ ሲያልቅም በሕንፃው ጣራ ላይ በተሠራው መሮጫ ይፈተናል። ይህን ያየ ሁሉ የአዲሱን ዘመን ጥበብ አደነቀ።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። ወደ ኢትዮጵያ የገባው የመጀመሪያው አውቶሞቢል የፊያት ሥራ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ ይዞት የመጣው የእንግሊዝ መኪና ነበር። ያ መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በሰላም ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም በደስታ ተቀበሉት። ወደ ራያ ቆላ የወረደው ሞተር ግን አመጣጡ እንዲህ አልነበረም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር መረብን ተሻግሮ ወረራውን ሲጀምር ፊያት የሚለውን ስም በልዩ ልዩ ዓይነት ይዞ መጣ። በጭነት መኪናው ላይ ፊያት ነበረ፤ በመትረየሱ ላይ ፊያት ነበረ፤ አንሳልዶ ከተባለው ፋብሪካ ጋር በኅብረት በሠራቸው ትንንሽ ታንኮች ላይም ፊያት ነበረ። እነዚህን ታንኮች ወገኖቻችን በታኅሣሥ ወር በሽሬ በኩል በደምበጊና በር ላይ ገጠሟቸው። ጸረ ታንክ መሣሪያ አልነበራቸውም። ነገር ግን ታንኩ ወደ ኋላው ማየትና መተኮስ እንደማይችል ተረድተው፣ ከበስተኋላው እየዘለሉ ወጥተው ማረኳቸው። የብረት ዝና በሰው ልብ ፊት ምን ያህል እንደሚጸና ያን ዕለት ታየ።

ይሁን እንጂ ጦርነቱ በጀግንነት ብቻ የሚወሰን አልሆነም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ላይ ከተደረገው ውጊያ በኋላ ሠራዊታችን በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ሲያፈገፍግ የመርዝ ጋዝና ቦምብ ከሰማይ ወረደበት። ጠላትም ከኮረም ወደ ደቡብ ገሥግሦ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ። ከደሴም ማርሻል ባዶልዮ ከ1,700 የሚበልጡ መኪናዎች አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ተነሣና ሚያዝያ 27 ቀን ከተማይቱን ያዘ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ የነበሩት መኪናዎች ሁሉ የፊያት አልነበሩም፤ ኢጣልያ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ጭምር ገዝታ ነበር። ቢሆንም የሞተር ድምፅ በመጀመሪያ ከጠላት ጋር ለመጣበት አገር፣ ሞተርና ወረራ አንድ ነገር ሆነው መታየታቸው አያስደንቅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለምን?

ከዚህ በኋላ ጎዳናው ተሠራ። የተሠራውም ለራያ ገበሬ ታስቦ አልነበረም፤ ወታደርንና ስንቅን ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ በፍጥነት ለማድረስና አገሩን ጨብጦ ለመያዝ ነበር። ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚወስደውን ዳገት የወጣ ሰው ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ያውቀዋል፤ መንገዱ በተራራው ጎን ላይ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ከቆላው ወደ ደጋው ይወጣል። በዚህ ዳገት ላይ ይመላለሱ ከነበሩት መኪናዎች አንዱ በናፍታ የሚሠራው ስድስት መቶ ሠላሳ አራት የተባለው የፊያት ከባድ የጭነት መኪና ነው። ሕዝባችንም የቁጥሩን መጨረሻ ብቻ ይዞ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው። በጎዳናው ጫፍ በአስመራ ደግሞ በ1930 ዓ.ም. ለፊያት መኪናዎች አገልግሎት የሚሰጥ፣ ክንፉን እንደ ዘረጋ አውሮፕላን ሆኖ የተሠራ የቤንዚን ማደያ ቆመ፤ ይህ ሕንፃ እስከ ዛሬ ድረስ የከተማይቱ ጌጥ ነው።

ነገር ግን ጎዳና ጌታ አይለይም። ለወረራ የተሠራው መንገድ አምስት ዓመት ሳይሞላው ወራሪው የሚባረርበት መንገድ ሆነ። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴ ተለቀቀች፤ ከደቡብ የመጣው የተባባሪ መንግሥታት ጦር ከአርበኞቻችን ጋር ሆኖ በዚሁ ጎዳና ወደ ሰሜን ገሠገሠ፤ ግንቦት 11 ቀንም የኢጣልያ እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን በአምባላጌ እጁን ሰጠ። ጠላት ሲሄድ መንገዱንና መኪናውን ጥሎ ሄደ። ከዚያም ወዲያ ኢትዮጵያዊው ሾፌርና መካኒክ ተረከቡት።

ፋብሪካው ሁለተኛውን ስሙን በዚህ አገር ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። መንገዶችን የሚሠራውና የሚጠግነው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ። የጭነት መኪናውም በቆቦና በአላማጣ ገበያ እየቆመ ማሽላና ጤፍ መጫን፣ ጨርቅና ላምባ ማራገፍ ጀመረ። በነዚያ ዘመናት ከሁሉ የገነነው ስድስት መቶ ሰማንያ ሁለት የተባለው ከባድ መኪና፣ ይልቁንም ሦስተኛው ዓይነት ሲሆን፣ ሾፌሮቻችን በኢጣልያንኛ አጠራሩ «ኤንትሬ» ብለው እስከ ዛሬ ያነሡታል። ኢጣልያኖች ራሳቸው «የአፍሪካ ንጉሥ» ብለውታል። ይህን ስም ያገኘው በመልኩ አይደለም። ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍታ ሞተሩ ከ10 ሊትር በላይ የሚይዝ፣ ባሌስትራው ጠንካራ፣ አሠራሩ ግልጽ ስለ ነበር ነው። በመንገድ ላይ ቢሰበር ከዋና ከተማ ባለሙያ እስኪመጣ አያስጠብቅም፤ ካቻቢቴና ፒንሳ የያዘ ብልህ ሰው ከዛፍ ጥላ ሥር ያስነሣዋል። ዳገቱ ላይ ሾፌሩ ማርሹን አሳንሶ ሲያዘግም፣ ረዳቱ ከጎማው ጎን ታኮ ይዞ በእግሩ ይከተል ነበር።

የዚህን ሁለተኛ ስም ምስክር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አፋችን ውስጥ ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ናፍታ፣ ታርጋ እያልን የምንናገረው ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። ቃሉን ያመጣው ጠላት ነው፤ የኛ ያደረገው ግን በጋራዡ ውስጥ እጁን በዘይት ያጠቆረው የአገራችን ሰው ነው።

በአዲስ አበባም ሁኔታው ተመሳሳይ ነበር። ፊያት በ1947 ዓ.ም. ያወጣት ትንሿ «ሴይቼንቶ» ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለብዙ ዘመን ታክሲ ሆና አገልግላለች። ከርሷ በኋላ የመጣው ላዳም ቢሆን ብዙ ሰው የሩስያ ልጅ ብቻ አድርጎ ያየዋል እንጂ አባቱ ፊያት ነው፤ የሶቭየት መንግሥት በ1958 ዓ.ም. ከፊያት ጋር ተዋውሎ፣ መቶ ሃያ አራት የተባለውን የፊያት መኪና መሠረት አድርጎ በቶልያቲ ከተማ የሠራው ነውና። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ፊያት የተካፈለበት የጭነት መኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ በአዲስ አበባ ተቋቋመ።

ክቡራን አንባብያን፤ እስከዚህ ድረስ ያልነው «በክፉ የመጣ በበጎ ተለወጠ» የሚል ትረካ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ዝናብ ቀርቶ የወሎ አዝመራ በጠፋ ጊዜ፣ የራያ ቆላ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ከተጎዱት አንዱ ነበር። የተራበው ገበሬ ከብቱን ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ወደዚሁ አውራ ጎዳና ወጣ። በመንገዱ ዳር ተሰልፎ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ እንጀራ ለመነ። ልብ በሉ፤ ጎዳናው ነበረ፤ የጭነት መኪናውም ነበረ፤ ሾፌሩም ዳገቱን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀው ነበር። ያልነበረው «እህሉን ጫን፤ ሂድ» የሚል ትእዛዝ ነው። ረሃቡ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ለዓለም እስኪታይ ድረስ በወረቀትና በዝምታ ተሸፍኖ ቆየ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ጎዳና ላይ በኮረም ሕዝብ እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ እህል ከወደብ የሚያደርስ መኪና በብዛት አለመኖሩ ራሱ የሞት ምክንያት ሆነ። ያን ጊዜ የናፍታ ሞተር ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ለተራበው ሰው የተስፋ ድምፅ ነበር። አባቱን በ1928 ዓ.ም. ያስደነገጠው ድምፅ ልጁን አጽናና ማለት ነው።

እንግዲህ ስሙን የሚያወጣው ማን ነው ወዳልነው ጥያቄ እንመለስ። ብረት በራሱ በደል የለበትም የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ፋብሪካ ግን ብረት ብቻ አይደለም፤ ሰዎች ያሉበት፣ ውል የሚፈረምበትና ትርፍ የሚቆጠርበት ቤት ነው። የፊያት መሪ አኜሊ ለፋሽስት መንግሥት ወታደራዊ ዕቃ አቅርቦ አትርፏል፤ ከጦርነቱም በኋላ ከዚያ መንግሥት ጋር ተባብሯል ተብሎ ተከስሶ ነበር፤ ነጻ ተብሎም ሳይቆይ በ1938 ዓ.ም. ሞተ። በዚያው ፋብሪካ ውስጥ ግን ሌላም ሰው ነበረ። በ1931 ዓ.ም. ሙሶሊኒ የሚራፊዮሪን ፋብሪካ ሊመርቅ በመጣ ጊዜ ሠራተኞቹ አብዛኞቹ እጃቸውን አጣምረው በዝምታ ተመለከቱት፤ በ1935 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ ሥራ አቁመው ተቃወሙ። ስለዚህ የፊያት ስም አንድ አይደለም፤ የፈረመው ስም አለ፤ እጁን ያጣመረው ስም አለ።

ፊያት ዛሬ ራሱን የቻለ ድርጅት መሆኑ ቀርቶ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስቴላንቲስ በተባለው ታላቅ ማኅበር ውስጥ ካሉት ስሞች አንዱ ሆኗል፤ የከባድ መኪናው ሥራም ቀደም ብሎ ኢቬኮ በሚል ስም ተለይቷል። ኤንትሬም አርጅቶ ቦታውን ለሌሎች ለቋል። ጎዳናው ግን በቆቦ ሜዳ መካከል አሁንም አለ።

በመሥሪያ ቤት ተቀምጠን ስለ መኪና ግዥና ስለ ስምሪት የምንጽፍ ሰዎች ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ይህ ይመስለኛል። የመኪናን ጥንካሬ የሚመሰክረው ፋብሪካው ነው፤ የመኪናን ስም የሚወስነው ግን ወዴት እንዲሄድና ምን እንዲጭን ያዘዘው እጅ ነው። ያን ትእዛዝ በ1928 ዓ.ም. የጻፈው ባዕድ ነበር፤ በ1965 ዓ.ም. ሳይጽፈው የቀረው ግን የገዛ ወገናችን ነው። የቆቦ ገበሬ የሁለቱንም ዋጋ ከፍሏል። እኛም በፊታችን ያለውን ወረቀት ከመፈረማችንና ከማሳደራችን በፊት፣ በጎዳናው ዳር ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው እናስብ።